ያልሸጥኩት ኩላሊት

ኩላሊቴን አልሸጥኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጀምራችሁ ሳትጨርሱ የምትተዉት እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት፣ ከአረብ አገር የተመለሰችው ትሁን አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳላት የሰማ ሁሉ ስለ ሌላኛው ኩላሊት የየራሱ ታሪክ አለው። እኔን የጠየቀኝ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር ነው።

ነገሩ በጎን ውጋት ጀመረ። ቁርስ ቤቱን ከፍቼ፣ ፉሌን እያፈላሁ፣ እንቁላሌን እየጠበስኩ ደህና ስሠራ ከርሜ፣ አንድ ቀን በቀኝ ጎኔ ወደ ጀርባ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ብርድ ነው አልኩ። የደብረ ታቦር ብርድ እንደሆነ ለማንኛውም ሕመም ሰበብ ለመሆን ዝግጁ ነው። እየቆየ ትኩሳት ጨመረ፣ ማስመለስ ጨመረ። ከሁሉ የሚገርመው ውሃ በብዛት ስጠጣ ይብስብኝ ነበር። ይህን ለባለሙያ ስናገር ይስቁብኛል፤ «ውሃ ጠጪ» ብሎ የማይመክር ሐኪም የት አለ?

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስደው «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» አሉኝ። በእኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ዕድለኛ ነው። መርፌውን ጨረስኩ፣ ተሻለኝ፣ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ። ምግብ የምትሸጥ ሴት በርበሬ ካልቀመሰች ወጡን ማን ሊቀምስላት ነው? ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት ሰውዬ ጭራሽ ካርዴን እንኳ ሳያገላብጥ «አግብተሻል?» አለኝ። አላገባሁም ስለው «እንግዲህ ስታገቢ ይተውሻል» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ወረቀቱን እዚያው በሩ ሥር ካለው ቆሻሻ መጣያ ከትቼለት ወጣሁ። ያን ዕለት ሕመሙ ሲያንፈራግጠኝ ማስታገሻውን ባልጣልኩት ብዬ ተጸጽቻለሁ፤ በሰውዬው መናደዴን ግን አልጸጸትበትም።

እናቴ የምትኖረው ከገሳይ በላይ፣ ወደ ጉና በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። መታመሜን ስትሰማ በእግሯ ወርዳ፣ መኪና ተሳፍራ መጣች። «መጋኛ ነው» ብላ ነጭ ሽንኩርት አስበላችኝ፤ ቀጥላ ጸበል ወሰደችኝ። ጠጣሁም፣ ተጠመቅሁም፤ በእምነቴ አልቀልድም። የሚያጠምቁት አባት ግን ጎኔን ይዤ ስጎብጥ አይተው «ልጄ፣ ጸበሉን አትተዪ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ። ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰማሁት የሕክምና ምክር ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተራ መጠበቂያ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። አግዳሚው ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለ፣ እግሯን በጨርቅ የጠቀለለች አንዲት የማላውቃት ሴት «ነይ፣ እኔ እግሬን ነው፣ አንቺ ግን ፊትሽ አመድ መስሏል» ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። እንቢ ብላት ጎትታ አስቀመጠችኝና የጋቢዋን ጫፍ ደረበችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ከሥራው መጥቶ አገኘኝና አብረን አልትራሳውንድ ክፍል ገባን።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው መሣሪያውን ቀኝ ጎኔ ላይ አንሸራተተ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ቆየ፣ እንደገና ቅባት ጨመረበት።

«ግራውን መቼ ነው ያስወጣሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ኩላሊትሽን ነዋ።»

«ምንም ያስወጣሁት ነገር የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አረብ አገር ነበርሽ እንዴ?»

ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። አዙሮ ጀርባዬን አየ፣ ሆዴን አየ። ጠባሳ የለም። «አሁን እኮ በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚያወጡት» አለ ለባልደረባው፣ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ። «ታዲያ ቀዳዳው የታለ?» አልኩት። መሣሪያውን መጥረግ ያዘ። ደሳለኝ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔን ማየት ትቶ መሬት መሬቱን ያያል።

ያለኝ አንዱ ኩላሊትም አብጧል አሉ። ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት ቱቦ ስለጠበበ እዚያው እየተጠራቀመ ነው። ውሃ ስጠጣ የሚብስብኝ ለዚህ ነበር። ቶሎ ካልተከፈተ ይህም እንደሚበላሽ ነግረው ወደ ባሕር ዳር ላኩኝ። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ስለ ሞት ማሰብ ሲገባኝ የማስበው ስለ ወንድሜ ፊት ነበር።

ባጃጅ ውስጥ እንደገባን አለቀሰ። «እትየ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለቆርቆሮው ነው አይደል?»

የእናታችንን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እናም የገዛ ወንድሜ፣ ቀና ብሎ ያንን ጣሪያ ባየ ቁጥር የእህቱን ሥጋ ሊያይ ነው። «አንተ!» አልኩት፣ ባለባጃጁ እስኪደነግጥ። «ያን ቆርቆሮ የገዛሁት የሰው ሽንት ቤት ፈግፍጌ ነው! የሰው ልጅ አዝዬ ነው! የሰውነቴን ቁራጭ ለማንም አልሰጠሁም!» ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። እንዳላመነኝ አወቅሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉታል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገሳይ ደረሰ። ገሚሱ ሸጠች አለ፣ ገሚሱ ተኝታ ሳለች አወጡባት አለ፣ የሚራሩልኝ ከሚሰድቡኝ የባሱ ሆኑብኝ። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አንድ መምህር ነበር፤ ሁልጊዜ ቁርሱን እኔ ዘንድ የሚበላ። መጥቶ «ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። «ሁለት ኩላሊት ያላት ፈልግላቸው» ብዬ ሸኘሁት። ደንበኛ አጣሁ እንጂ ባል አላጣሁም።

ባሕር ዳር ያየችኝ ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ናት። ሲቲ ስካን የሚሉትን፣ ውስጥን አንድ በአንድ ከፍሎ የሚያሳየውን ምርመራ አስነስታኝ ምስሉን ስታይ ቆየችና «ማነው ኩላሊት ወጥቶልሻል ያለሽ?» አለች።

«ያላለኝ የለም።»

«የተወሰደ ኩላሊት የደም ሥሩ ጉማጅ ይቀራል። ያንቺ በግራ በኩል ጭራሽ የደም ሥሩም የለም። ስትፈጠሪም አልነበረም።»

«ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ ይቆዩኝ» ብዬ ወጣሁና ደሳለኝን ከኮሪደሩ እጁን ይዤ አስገባሁት። «አሁን ይድገሙልኝ። እሱም ይስማ።»

ደገመችለት። ምስሉን በጣቷ እያመለከተች አሳየችው። ወንድሜ እዚያው ጉልበቴ ላይ ተደፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አንድ ኩላሊት፣ እሱም የታመመ፣ ቢላ እየጠበቀኝ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ለቀዶ ሕክምናው ስተኛ እናቴ ልታስታምመኝ መጣች። ሐኪሟ አልጋዬ ዘንድ ስትመጣ ጥያቄ ነበራት። «እማማ፣ እሷን ሲያረግዙ መድኃኒት ይወስዱ ነበር? ይታመሙ ነበር? የሚጠጡት ውሃስ ከየት ነበር?»

እናቴ በጥያቄው ኮራች። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት እንስራ አታዝልም። ጎረቤቶቿ እየተፈራረቁ ይቀዱላታል፤ ወግ ነው። የእናቴ ግን ከሁሉም በለጠ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ መንገድ በሚሠራ አንድ ድርጅት ካምፕ ዘበኛ ነበር። ሚስቱ መጸነሷን ሲሰማ አለቆቹን ለምኖ ባዶ የብረት በርሜል አምጥቶላት ነበር።

«ጎረቤቱ አንዴ ከሞላልኝ ሳምንት ያደርሰኛል፣ እመቤት ሆንኩልሽ!» አለቻት ሐኪሟን። «ብቻ ሽታው አልለቅ ብሎ አስቸገረን። ግራዋ ቀጥፈን በቅጠሉ ፈተግነው። ወይራ አጨስንና ደፍተን አጠንነው። ሲሸት ደግመን አጠንነው። ከላዩ የሚያብረቀርቅ ቅባት ይሠራል፣ እሱን በእጄ ገለል አደርግና እጠጣለሁ። ኋላማ ሽታው እንዴት ያምረኝ ነበር መሰለሽ! አምሮት ሆነብኝ። አንዳንዴ ክዳኑን ከፍቼ አሸተው ነበር። ጎረቤቶቼ ‹ሹፌር ልትወልጂ ነው› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

ብቻዋን ሳቀች። ሐኪሟ አልሳቀችም። «በርሜሉ ውስጥ ምን ነበረበት?» ብላ ጠየቀች።

«ሬንጁን የሚያቀጥኑበት፣ የማሽን ዕቃ የሚያጥቡበት ፈሳሽ ነው ብሎኛል አባቷ።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የልጅ ኩላሊት የሚሠራው እናቱ ሆድ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። እናት የጠጣችው ደግሞ ልጁ ዘንድ ይደርሳል» አለች። «በዚህ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም። ያለ ምንም የታወቀ ምክንያት እንዲህ ሆኖ የሚወለድም አለ፤ ያን ጊዜ የተጠጣ ውሃም ዛሬ አይመረመርም። ግን እንዲህ ያለ ፈሳሽ በነበረበት ዕቃ የመጠጥ ውሃ አይቀመጥም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በጭራሽ። ማጠብ አያወጣውም። ማጠን ሽታውን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያወጣውም። ውሃውን ማፍላትም አስተማማኝ አይደለም።»

እሷ ስትወጣ እናቴ እጇን እያየች ቆየች፤ ያንን ቅባት ገለል ታደርግበት የነበረውን እጇን። «ከአንቺ በኋላ የወረደብኝም…» አለችና አልጨረሰችውም። ደሳለኝ ሲረገዝ በርሜሉ ከታች በዝገት ተበስቶ ገብስ ይቀመጥበት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። «እኔ ነኝ እንዴ ያጎደልኩሽ?» አለችኝ።

አይደለሽም አልኳት። ሐኪሟ እርግጠኛ አይደለሁም ብላለች አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እዚያው ተኝቼ ወሰንኩ። ይህን ነገር ገሳይ ላይ አላወራም። ኩላሊቷን ሸጠች ይበሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። እናቷ ናት የመረዘቻት የሚል ወሬ ግን እናቴን ይገድላታል።

የጠበበውን ቱቦ ቆርጠው ጤነኛውን ከጤነኛው ሰፉልኝ። ከጎኔ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ አቅፌ፣ ስቄ እንዳልሞት ደሳለኝን ከክፍሉ እያባረርኩ ሰነበትኩ። ሌሊቱ ይረዝም ነበር። ይቺ አንዷ እንቢ ብትልስ የሚል ፍርሃት ከእናቴ ደብቄ አለቅስበት ነበር፤ እሷም ከእኔ ደብቃ ታለቅስ ነበር። ቱቦው ከወጣ በኋላ ሐኪሟ «አሁን ውሃ ጠጪ፣ የፈለግሽውን ያህል» አለችኝ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ጨለጥኩ። ጎኔን ይዤ ውጋቱን ጠበቅሁት። አልመጣም። ሌላ ደገምኩ። አልመጣም። ነርሷ «ምነው ታለቅሻለሽ፣ አመመሽ?» ብላ ደንግጣ መጣች።

ለማገገም ከእናቴ ጋር ወደ ገሳይ ሄድን። ዳገቱን በበቅሎ ወጣሁ። ግቢው ጋ ስንደርስ የወይራ ጭስ ሸተተኝ።

ከእናቴ ጋር የምትኖረው የደሳለኝ ሚስት ይታይሽ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጎረቤት ሴቶች ግቢ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ በመካከላቸው በድንጋይ ላይ የተደፋ የብረት በርሜል፣ ከሥሩ ወይራ ይጨሳል። የተፈተገበት ግራዋ ዳር ላይ ተጥሏል። ደሳለኝ እኔን ለማስታመም ከመሄዱ በፊት ቀብድ ከፍሎ ነበርና፣ አሁን ጎረቤት ከገሳይ ገበያ አምጥቶለታል። እናቴ የነገረችንን ታሪክ ያን ዕለት ደሳለኝ አልሰማም፤ ከክፍሉ ውጭ ነበር። እኔም በኋላ ደበቅሁት። የአባቱን ወግ መጠበቁ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ያን ሰዓት ሥራው ላይ ነው።

«እሰይ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ!» አሉኝ እትየ ዘነቡ፣ የእናቴ ታላቅ ጎረቤት፤ ለእናቴም ያኔ ውሃ ይቀዱላት የነበሩት እሳቸው ናቸው። «ለይታይሽ በርሜሏን እያጠንንላት ነው፣ እንደ እናትሽ እመቤት ልትሆን።»

ይታይሽን አየኋት። ሆዷ ገና መታየቱ ነው። ዝም ብል እናቴ ትተርፋለች። ብናገር ልጁ ይተርፋል።

«እትየ ዘነቡ፣ ይህ በርሜል ውሃ አይያዝበትም» አልኩ። «መርዝ የነበረበት ነው። ጽሑፉ ተፍቋል እንጂ፣ ይኸው ሽታው።»

«ምነው ልጄ፣ እስኪጠፋ እናጥነዋለን። ለእናትሽስ ይህንኑ አይደል ያደረግንላት? ምን ሆነች?»

አንዷ ከኋላ ሆና፣ ዝግ ብላ፣ ግን እንድሰማ አድርጋ፣ «የራሷን ሆድ አስከፍታ መጥታ ደግሞ በሰው ውሃ ትገባለች» አለች። ይኸው እንግዲህ፣ አሁን ጠባሳም አለኝ። ጠባሳ ሳይኖረኝ ያላመኑኝ ሰዎች ጠባሳዬን አይተው ሊያምኑኝ ነው? አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ቀደመችኝ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማ አንስታ ወደ በርሜሉ ሄደች። በሁለት እጇ አንስታ ቂጡን አለችው። በርሜሉ ጮኸ። ደገመችው፣ ብረቱ ተበሳ፣ የወይራው ጭስ በቀዳዳው ወጣ።

«የልጄን ኩላሊት አረብ አልወሰደውም» አለች። ዶማውን እንደያዘች ትጮኻለች። «በዚህ ነው የሄደው። እንዲህ ባለ ዕቃ እኔ ጠጥቼ፣ እሷን አጠጥቻት ነው። ከእንግዲህ ስለ ልጄ የሚያወራ፣ መጥቶ ፊቴ ያውራ!»

ጎኔን ይዤ ሄጄ አቀፍኳት። «አንቺ አይደለሽም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ጥፋተኛው በውስጡ የነበረው መርዝ መሆኑን እያወቀ፣ ሳይናገር ለድሃ የሰጠው ነው። እናቴ ያደረገችው የምታውቀውን ሁሉ ነው። ወይራ ለጋን ነው፣ ግራዋ ለጋን ነው። የፋብሪካ መርዝ ያወጣሉ ብሎ ማን ነገረን? አያወጡም ብሎስ ማን ነገረን?»

እትየ ዘነቡ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ ነኝ የምቀዳላት የነበርኩት» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሱና ከቤታቸው እንስራ ይዘው ተመለሱ፤ ውሃ መቅዳት በማይገባቸው ዕድሜ ላይ ሆነው፣ የመጀመሪያውን ውሃ ለይታይሽ ራሳቸው ከምንጩ ቀዱላት። እንስራውን ወጣቶቹ ከጀርባቸው ሊቀበሏቸው ቢታገሉ እንቢ አሉ።

ለምታነቡ ሁሉ፦ ቤታችሁ የምግብ ወይም የውሃ ያልነበረ በርሜል ወይም ጀሪካን ካለ ውሃ አትያዙበት። ከገበያ ስትገዙ «ምን ነበረበት?» በሉ፤ የማያውቅ ከሆነ አትግዙት። ልጃችሁ ሲታመም ታይፎይድ ተብሎ ታክሞ፣ እንደገና ያው ተብሎ፣ ካልተሻለው «ሌላ ነገር ፈልጉልኝ» በሉ። ከስደት የተመለሰች ልጅ ስትታመም ደግሞ ከሥጋዋ ምን እንደሸጠች አትጠይቋት። ምን እንዳመማት ጠይቋት።

እኔ አሁን ደህና ነኝ። በየጊዜው እመረመራለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ የደም ግፊቴን እለካለሁ። ቁርስ ቤቱም ክፍት ነው፤ በርበሬዬንም እቀምሳለሁ።

ይታይሽን ለእርግዝና ክትትል ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንወስዳት እናቴ እከተላለሁ ብላ መጣች። አልትራሳውንዱን የሚያነሳው ያው ሰውዬ ነበር። አወቀኝና አቀረቀረ። እኔም ይታይሽን አልጋው ላይ አጋደምኳት። እናቴ ግን ከይታይሽ ራስጌ ቆማ፣ በማያነበው ዓይኗ ጥቁሩን ምስል እያየች «ልጄ፣ ኩላሊቱን ቁጠርልኝ» አለችው።

ሰውዬው ፈለገ። በጣቱ አመለከተላት። «ይኸው እማማ፣ ሁለቱም አሉ። አንድ፣ ሁለት።»

እናቴ የይታይሽን እጅ እንደያዘች፣ «ደግመህ ቁጠር» አለችው።